ፍቅርን ስለ መመርመር

ሰው በዕውቀቱ ከሚመረምራቸው ነገሮች ውስጥ ከዋክብትና ባሕር፥ ደዌና መድኃኒት፥ የመሬት ፍሬና የብረት ጠባይ እንደሚገኙ ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን የባልና የሚስት ፍቅር፥ የወላጅና የልጅ መተሳሰብ፥ ሰውም ለወደደው ሰው ያለበት ግዴታ እንደ ከዋክብቱ ሁሉ ምሁር ተመድቦለት፥ ዘመን ተወስኖለት፥ ቀለብ ተሰፍሮለት ይመረመራል ቢባል ብዙ ሰው ይሥቃል። እኛም ይኽን ጽሑፍ የምንጽፈው ስለዚሁ ነገር በቤታችን ውስጥ ረዥም ክርክር ስለ ተነሣና ክርክሩም ከቤታችን ወጥቶ ከጎረቤት ስለ ደረሰ ነው።

የምንኖረው በአዲስ አበባ ምሥራቅ፥ ሰሚት በሚባለው ሰፈር ነው። ስሙ የባዕድ ቃል ነው፤ ትርጓሜውም የተራራ ጫፍ ወይም የመሪዎች ጉባኤ ማለት ነው፤ በሰፈራችን ግን ተራራም ጉባኤም አናይም፤ ያለው የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ፥ ሱቅ፥ ግንባታ የማያልቅበት መንገድና በየመደዳው የቆመ የጋራ መኖሪያ ቤት ነው። ኮንዶሚኒየም የሚባለው ይኽ ቤት የደረሰን በዕጣ ነው፤ ስለዚህም ጎረቤታችንን የመረጠልን ዕጣ እንጂ ዝምድና ወይም ውዴታ አይደለም። አንዱ ከአራት ኪሎ፥ አንዱ ከልደታ፥ ሌላውም ከክፍለ ሀገር መጥቶ በአንድ ደረጃ ይወጣል፥ በአንድ ደረጃ ይወርዳል። በቀድሞው ሰፈር ባልና ሚስት ሲጣሉ ድምፁን ሰምቶ ሳይጠራ የሚገባ ሽማግሌ ነበረ፤ እዚህ ግን ድምፁ በግድግዳው ያልፋል፥ የሰማው ሰው ግን የማያውቀውን በር ለማንኳኳት ያፍራል። በሰሚት ሰሚ ጠፋ እያሉ የሚቀልዱም አሉ።

የእኅታችን ልጅ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና ትምህርቷን ከፈጸመች በኋላ፥ በኤውሮፓ ካለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለሦስት ዓመት የሚቈይ የምርምር ድጋፍ አገኘች። የተሰጣትም ጥያቄ ይኽ ነው፤ የቀድሞ ዘመድና ጎረቤት በሌለበት በአዲስ ሰፈር የሚኖሩ ባልና ሚስት ፍቅርንና ግዴታን እንዴት አድርገው ያስማማሉ? ለዚህም ሰሚትን መረጠች፤ ማደሪያዋም እኛ ዘንድ ሆነ።

ታላቅ ወንድማችን ዕድሜያቸውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያሳለፉ፥ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህም ከእኛ ጋር የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ወሬውን እንደ ሰሙ፥ «ለፍቅር ደመወዝ ተቈረጠ? ታዲያ ይኽ የደመወዝ ጋብቻ ነዋ!» ብለው ቤቱን አሣቁት። የዛሬ ልጆች ላያውቁት ይችላሉና እንግለጸው፤ የደመወዝ ጋብቻ ማለት ድሮ በሰማንያና በቍርባን ከሚፈጸመው ሌላ፥ ለሴቲቱ ክፍያ ተወስኖ የሚደረግ የጊዜ ጋብቻ ነበረ። ሣቁ ካለፈ በኋላ ግን ወንድማችን ሁለት ቁም ነገር አነሡ። አንደኛው፥ ጤፍ በተወደደበት ዘመን ገንዘብ ስለ ፍቅር ለመጠያየቅ ይውላልን? የሚል ነው። ሁለተኛው፥ የቤት ገመና ለማን ጥቅም ሲባል ይገለጣል? የሚል ነው። የመዠመሪያውን ለመመለስ ብዙ አልተቸገርንም፤ ሁለተኛው ግን እስከ ዛሬ ያሳስበናል።

ፌሎውሺፕ የሚባለው ነገር አንድ ምሁር ለተወሰኑ ዓመታት ከማስተማርና ከሌላ ሥራ ዐርፎ አንድን ጥያቄ ብቻ እንዲከታተል የሚሰጠው መተዳደሪያ ነው። የሚያስጠጋው ዩኒቨርሲቲ መጻሕፍትና መቀመጫ ያዘጋጅለታል፤ እርሱም በየጊዜው ሥራውን በሊቃውንት ፊት እያቀረበ ይነቀፋል። የወንድማችን ዓይነት ተቃውሞም አዲስ አይደለም። በአሜሪካ አገር ሴናተር ዊልያም ፕሮክስማየር በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1975 የመንግሥት ገንዘብ ባክኖበታል ለሚሉት ሥራ «የወርቅ ፀምር» የሚባል የማላገጫ ሽልማት መስጠት ዠመሩ፤ የመዠመሪያውንም የሰጡት ስለ ፍቅር ምርመራ 84,000 ዶላር ለፈቀደው ለብሔራዊው የሳይንስ ድርጅት ነበር። ሴናተሩ፥ ሰው ሰውን ለምን እንደሚወድ ምስጢር ሆኖ ቢቀር ይሻላል ባይ ነበሩ። መርማሪዎቹ ኤለን በርሻይድና ኢሌን ሃትፊልድ የሚባሉ ሁለት ሴቶች ሊቃውንት ብዙ ተሣቀባቸው፤ ነገር ግን ሥራቸውን አልተዉም፤ በኋላም በዚህ ትምህርት ከመሥራቾቹ ተቈጠሩ። ከእነርሱ አስቀድሞም በ1949 ፒቲሪም ሶሮኪን ኢላይ ሊሊ ከሚባሉ የመድኃኒት ፋብሪካ ባለጸጋ ባገኙት ገንዘብ በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አንድ ማዕከል አቋቁመው ነበር፤ የማዕከሉም ሥራ ሰው ከራሱ ይልቅ ለሌላው የሚያስብበትን ፍቅር መመርመር ነበር። ሶሮኪን በሩስያ ተወልደው በአብዮቱ ጊዜ ሞት ተፈርዶባቸው የዳኑ ሰው ናቸው። ጥላቻ ምን እንደሚያደርግ በዓይናቸው ያዩ ሊቅ እርጅናቸውን ለፍቅር ጥናት ቢሰጡ እኛ እንደ ቅንጦት አንቈጥረውም።

ወንድማችን ይኽን ሁሉ ሰምተው፥ «የፈረንጅ ገንዘብ ብዙ ነው፤ እንደ ወደዱ ይበትኑት፤ ያገራችን ሊቅ ግን መቼ እንዲህ አደረገ?» አሉን። እኛም ዘርዐ ያዕቆብን ጠራንባቸው።

እንደ ሐተታው ትረካ ዘርዐ ያዕቆብ በ1592 ዓ.ም. በአክሱም አጠገብ ተወለደ፤ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ጠብ ተከሶ ሸሸ፤ በተከዜ ወንዝ አካባቢም ዋሻ አግኝቶ ሁለት ዓመት ያህል ብቻውን እያሰበ ተቀመጠ። ከዋሻው ከወጣ በኋላ በእንፍራዝ ሀብቱ ከሚባል ባለጸጋ ዘንድ ተጠጋ፤ መጽሐፍ እየጻፈና የሀብቱን ልጆች እያስተማረ ኖረ። ከልጆቹ አንዱ ወልደ ሕይወት የሚባለው ነው፤ መምህሩ ሐሳቡን በ1660 ዓ.ም. የጻፈውም ይኸው ደቀ መዝሙር ስለ ለመነው ነው። እንግዲህ ሀብቱ የሰጠው መጠለያና እንጀራ ከፌሎውሺፕ በምን ይለያል? ሊቃውንቶቻችን ሁሉ የኖሩት በዚህ ዓይነት ነው። የቆሎ ተማሪው በየደጁ ቍራሽ እየለመነ ቅኔ የተማረው የሰፈሩ ሰው ስለ ቀለበው ነው፤ ያን ጊዜ ስሙ ምጽዋት ነበር፥ ቅጽ መሙላትም አልነበረበትም።

ስለ ፍቅርና ስለ ግዴታ የጻፈውም ቢሆን ከቤቱ የወጣ ነው። በሀብቱ ቤት ኂሩት የምትባል አገልጋይ ነበረች። መልከ መልካም እንዳልነበረች፥ ነገር ግን ጠባየ በጎ፥ አስተዋይና ታጋሽ እንደ ነበረች ራሱ ይመሰክርላታል። ሊያገባት በፈለገ ጊዜ ጌታዋ እርሷን እንደ ገረድ ሊሰጠው ቢያስብ፥ ሊቁ ግን በጋብቻ ወንድና ሴት እኩል ናቸውና ከእንግዲህ ጌታና ገረድ ልንባል አይገባንም የሚል መልስ ሰጠ። ከዚህም ተነሥቶ ጋብቻን የፈጣሪ ሥርዓት ነው ብሎ ከምንኵስና አስበለጠ፤ ወንድና ሴት በቍጥር ተካክለው ስለሚወለዱም አንድ ወንድ ብዙ ሴቶችን ማግባቱን ነቀፈ። ወልደ ሕይወትም በኋላ በራሱ መጽሐፍ ባልና ሚስት እንዴት ተዋደው ሊኖሩ እንደሚገባ ሰፊ ምክር ጨመረ። እውነት ነው፤ መጽሐፉን ኢጣልያዊው ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው የደረሰው ብለው ኮንቲ ሮሲኒ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1920 ተከራክረዋል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዘመን ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ደግሞ ያገራችን ሰው ሥራ መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ደክመዋል፤ ክርክሩም ገና አልተዘጋም። ጽሑፉ በ2023 እንደ ገና ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሞ ሲታተም ተርጓሚዎቹ በርእሱ ውስጥ የሰውን የሥነ ምግባር ኃላፊነት አንሥተዋል።

ወንድማችን በዚህ ጥቂት ዝም አሉ። የእኅታችን ልጅ ግን፥ «ጋሼ፥ እኔን ያስቸገረኝ ሌላ ነው፤ ሊቁ ስለ ኂሩት ነገረን፤ ኂሩት ግን የራሷን መጽሐፍ አልተወችልንም» አለች። እኛም ነገሩን ስናስበው እውነቷን ነው። ስለ ፍቅር የጻፉት ሁሉ፥ ከዋሻውም ቢሆን ከዙፋኑ አጠገብ፥ ወዳጁ ወገን ናቸው፤ የተወደደው ወገን ምን እንዳሰበ የሚጠይቅ ብዙ አልነበረም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ስለ ብርሃኔና ስለ ጽዮን ሞገሳ ጋብቻ መጽሐፍ ሲያሳትሙ ያገራችን የጋብቻ ልማድ ለንባብ የሚቀርብ ቁም ነገር መሆኑን አሳይተውናል። ሕጉም በየጊዜው ተሻሽሏል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18፥ ለሴት 15 ዓመት ወስኖ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አደረገው፤ ባልና ሚስትም እንዲከባበሩ፥ እንዲደጋገፉና እንዲረዳዱ ያዝዛል። እንዲዋደዱ ግን በአዋጅ ሊያዝዝ አይችልምና፥ በዚህ በኩል ያለውን ለማወቅ ሄዶ ከመጠየቅ በቀር መንገድ የለም።

ከዚህ ላይ ሁለተኛው ተቃውሞ ይመጣል። ሄዶ መጠየቅ የሰውን ገመና መንካት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በቡታጅራ አካባቢ ያስደረገው ጥናት ውጤቱ በ2005 ሲታተም፥ በትዳር ወይም በመሰል ኑሮ ካለፉት ሴቶች ከመቶው 71 በዘመናቸው ከባላቸው ወይም ከወዳጃቸው የአካል ወይም የግብረ ሥጋ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ተናገሩ። ይኽን ቍጥር የሚያነብ ሰው ደንግጦ ያልፋል፤ እኛን ግን ከቍጥሩ ይልቅ ቍጥሩ የተገኘበት ሥርዓት አስገርሞናል። ከአንድ ቤት የምትጠየቀው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ሌላው የቤት ሰው ምን እንደሚጠየቅ እንዳያውቅ ነው። ጥያቄው ሰው በሌለበት ይደረጋል፤ ሁለት ዓመት ያለፈው ሕፃን እንኳ አይቀመጥም፤ ሕፃን የሰማውን ይደግማልና። ጥናቱም በሰፈሩ ሲጠራ ስለ ሴቶች ጤናና ኑሮ ተባለ እንጂ ስለ ዱላ አልተባለም፤ ዱላ ቢባል ኖሮ የጠየቋት ሴት ማታ ሌላ ዱላ ይቈያት ነበር። እንግዲህ ስለ ፍቅር የሚመረምር ሰው ራሱ በምርመራው ጊዜ ፍቅር ሊኖረው ግድ ነው ማለት ነው፤ ይኽ ካልሆነ ሥራው ወሬ መልቀም ይሆናል። በለንደን ሶአስ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ሮሚና ኢስትራቲም ከብሪታንያ የምርምር ድርጅት ባገኙት ፌሎውሺፕ ከ2020 ዠምሮ «ድልድል» የሚል ስም ያለው ሥራ ይዘው፥ በኢትዮጵያ እምነትና የካህናት ትምህርት በትዳር ውስጥ ያለውን ጥቃት ለማስቀረት እንዴት እንደሚረዳ መርምረዋል። አስቀድመውም በአክሱም አካባቢ ከምእመናኑ ጋር ተቀምጠው የሰውን ኑሮ በራሱ ሃይማኖትና ቋንቋ ለመረዳት ሞክረዋል።

በሰሚትም ነገሩ እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ፎቅ የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ጎረቤት አሉን። የቀድሞው ቤታቸው ለልማት ፈርሶ ነው ወደዚህ የመጡት። የእኅታችን ልጅ ሄዳ ጥናቱን ካስረዳቻቸው በኋላ የፈቃድ ወረቀቱን ዘርግታ እንዲፈርሙ ብትጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ ቤቴ የፈረሰውም ፈርሚ ብለውኝ ፈርሜ ነው፤ ቃሌን ከፈለግሽ ቃሌን እሰጥሻለሁ፥ ጣቴን ግን ተይልኝ» አሏት። ወረቀቱ ከውጭ ቋንቋ የተመለሰ፥ መብትዎ፥ ስጋትዎ፥ ጥቅምዎ እያለ የሚዘረዝር ነበር፤ ለባልቴቲቱ ግን ከዚያ ሁሉ ቃል ይልቅ ፊርማ የሚባለው ነገር ቀድሞ ምን እንዳደረጋቸው ነበር የታወሳቸው። ልጅቱም ለዩኒቨርሲቲዋ የሥነ ምግባር ጉባኤ ጽፋ፥ በቃል የተሰጠ ፈቃድ በድምፅ ተቀድቶ እንዲቈጠርላት ጠየቀች፤ መልሱ እስኪመጣ አምስት ሳምንት ቈየ። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድም ጥያቄ ሳትጠይቅ ቡናቸውን እየጠጣች ተመለሰች። ወንድማችን፥ «ለቡና መጠጫም ይከፈላል?» ማለታቸው አልቀረም።

ፈቃዱ ከመጣ በኋላ ባልቴቲቱ ስለ ትዳራቸው ነገሯት። ባላቸው በታመሙ ጊዜ የሕክምናው ወጪ ከበዳቸው። ባልየው ኩሩ ሰው ስለ ነበሩ ከሰው እጅ ገንዘብ ከመጣ መድኃኒቱን አልውጥም የሚሉ ሆኑ። ስለዚህ ባልቴቲቱ የአንገት ወርቃቸውን ሸጡና ዕቍብ ወጣልኝ ብለው ነገሯቸው። በየወሩም ያልነበረ ዕቍብ ሲጥሉ ሁለት ዓመት አለፈ። ባልየውም ዕቍቡን እያመሰገኑ ሞቱ። ወርቁ የእናታቸው ነበረ፤ ልጆቻቸውም እስከ ዛሬ ተሰርቆ የጠፋ ይመስላቸዋል። ባልቴቲቱ ነገሩን ጨርሰው፥ «አንቺ የተማርሽ ነሽና ንገሪኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ዋሸሁት ወይስ ወደድኩት?» አሏት።

ልጅቱ ይኽን ለእኛ ስትነግረን በመጻሕፍቷ ውስጥ ምን እንደሚባል ሁሉ ታውቅ ነበር፤ በኤውሮፓ ሊቃውንት መካከል ውሸት ለማንም ሆነ ለምንም አይፈቀድም የሚል እንደ ካንት ያለ አለ፤ ውሸቱ ለሰው ደኅንነት ከጠቀመ ይፈቀዳል የሚልም አለ። ለባልቴቲቱ ግን ከእነዚህ አንዱን ጠቅሳ አልመለሰችላቸውም። «እማማ፥ እኔም ይኽን ጥያቄ ነው ይዤ የምሄደው» አለቻቸው። ታላቅ ወንድማችን ይኽን ሲሰሙ አልሣቁም። ለረዥም ጊዜ ጽዋቸውን ሲያዞሩ ቈይተው፥ «ባልየው ዐውቀውት እንደ ሆነስ? ዐውቀው ዝም ብለዋት እንደ ሆነ ማን ይነግራታል?» አሉ።

ይኽ ታሪክ በጋዜጣ ሲወጣ በሰሚት ባለቤቷን የሚያውቅ እንዳይኖር ምን አደረጋችሁ? የሚል አንባቢ ቢኖር ትክክል ነው። ይኽን ከመጻፋችን በፊት ባልቴቲቱን ራሳቸውን አስፈቅደናል፤ የሚያስታውቃቸውንም ምልክት ሁሉ ለውጠናል፤ ፎቁም ሦስተኛ አይደለም፥ የተሸጠውም ሌላ ነገር ነው። ምን ብለን እንለውጠው? ብለን ብንጠይቃቸው፥ «ወርቅ በሉት፤ ወርቅ ኖሮኝ አያውቅም፤ በጋዜጣ እንኳ ይኑረኝ» ብለው ሣቁ። የእኅታችን ልጅም የጻፈችውን በአማርኛ መልሳ ካነበበችላቸው በኋላ አንድ ቃል አሳርመዋታል፤ እርሷ «መሥዋዕትነት» ብላ ነበር፤ እርሳቸው «እንዲህ ያለ ነገር አላደረግሁም፤ ባሌ ታሞ ነው» ብለው ቃሉን አስወጡት።

ከዚህ በኋላ ሳምንታት ሲያልፉ ወንድማችን ጥናቱ ሴቶችን ብቻ ይመለከት እንደ ሆነ በዙሪያ ጥምጥም ጠየቁን። ወንዶችንም ይመለከታል አልን። ጡረተኞችንስ? አሉ። ጡረተኞችንም አልን። ሚስት የሞተችበት ሰው ስለ ሚስቱ ቢናገር በሚስቱ ፈቃድ ነው ወይስ ያለ ፈቃዷ? አሉን፤ ለዚህ መልስ አልነበረንምና ልጅቱን ጠይቁ አልናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ካባቸውን ደርበው ወንበሩን ራሳቸው አሰናዱ፤ እኛንም፥ «ከአንድ ቤት አንድ ሰው ብቻ ነው የሚጠየቀው ብላችኋል፤ እንግዲህ ውጡ» ብለው አሰናበቱን። እኛም ከቤት ወጥተን፥ ከ2008 ዓ.ም. ዠምሮ ባቡሩ እስከሚያልፍበት እስከ ሲ ኤም ሲ ድረስ በእግራችን ሄድን፤ ጥቂት ተቀምጠን ባቡሩ ሁለት ጊዜ ወደ አያት ሲወጣ አየን፤ ተመልሰንም ደረጃውን ስንወጣ በሩ ገና እንደ ተዘጋ ነበር።